ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያሉት አባት

የምክር ዓምድ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢቸና አቅራቢያ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎ በአባቴ ጉዳይ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር ላይ የወጣው የአባቴ ታላቅ ወንድም ስም ነበር። የአጎቴ ሚስት ያኔ አራስ ነች። አባቴ የ19 ዓመት ልጅ፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ «እሱ ይቅር፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ከቤቱ አንድ ሰው ይውጣ እንጂ ማንም ይሁን ግድ አልነበረውም። ዝርዝሩን ግን ያስተካከለ የለም። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲደርሱ የአጎቴ ስም ተጠራ፤ አባቴ «አቤት» አለ። እስኪሰናበት ድረስ በዚያ ስም ኖረ።

ጭኑን ተመትቶ ሐረር ታክሞ በ1972 ዓ.ም. ተመለሰ። የተሰጠው ሜዳይና የምስክር ወረቀት በአጎቴ ስም ስለሆነ «ያንተ ነው» ብሎ ለወንድሙ አስረከበው። አጎቴ ካረፈ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ወረቀቱ በመስተዋት ሆኖ እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። አባቴ ዘንድ የቀሩት የመሰናበቻ ወረቀቱና በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች አንዲት የሐኪም ወረቀት ናቸው።

ባለፈው የካቲት 26 በትምህርት ቤታችን የሶማሊያ ጦር የተሸነፈበት የካራማራ ድል ሲታሰብ የአጎቴ የበኩር ልጅ ሜዳዩን ይዞ መጣና «የአባቴ ነው» ብሎ አሳየ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ልጄም አብራ አጨበጨበች።

ዝም ማለት አቃተኝና የአባቴን ወረቀቶች ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው አገላብጦ አይቶ፣ «ስሙ የአባትሽ አይደለም። ደግሞስ በ1972 የተሰናበተ ሰው እንዴት በኅዳር 1978 ይቆስላል? ይኼ ሐሰተኛ ሰነድ ነው» አለኝ። የሐኪሟ ወረቀት 5/3/78 ትላለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ስለ ጦርነቱ «ጂጂጋ የገባን ዕለት ተመታሁ» ከማለት በቀር ምንም አያወራም። ሠርግ ላይ እኩዮቹ መፎከር ሲጀምሩ ተነሥቶ ይወጣል። ጉዳዩን ልከታተል ስለው «ያኔ አቤት ብያለሁ፤ ዛሬ እኔ አይደለሁም ልበል? ወንድሜን ከመቃብር አውጥቼ ውሸታም ላደርገው ነው?» ይለኛል። አንድ ጉዳይ ገዳይ ደግሞ «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ በሳምንት አስወጣልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። ከአጎቴ ልጆች ጋር እንዳንቆራረጥ እፈራለሁ። አባቴም እንዲሁ እንዳያልፍ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የዘማች ልጅ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ጨርሼ ወዲያው የተመለስኩት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ 5/3/78። ወረቀቷ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች ከሆነች ቀኑም የፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከእኛ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው ስለነበር ምናልባት የኩባ ሐኪም የጻፋት ትሆናለች፤ እነሱ ደግሞ እንደኛው ቀኑን አስቀድመው ወሩን ያስከትላሉ። እንግዲያው 3 ያለው ኅዳር ሳይሆን ማርች ነው፤ 78ም የእነሱ እንጂ የእኛ አይደለም። ማርች 5 ቀን 1978 በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል ብለሽ ቁጠሪ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ላይ ትደርሻለሽ። ካራማራ ላይ ድል የተገኘበት፣ ጂጂጋ ከወራሪው የተለቀቀችበት ያ ቀን።

አባትሽ «ጂጂጋ የገባን ዕለት» ሲሉ የኖሩት እውነታቸውን ነው። ሐሰተኛ የተባለችው ወረቀት ቃላቸውን ቀን እንኳ ሳታዛንፍ ትመሰክርላቸዋለች። ትምህርት ቤታችሁ ሜዳዩን ያየውም እሳቸው በቆሰሉበት ቀን ነበር።

ከሁሉ በፊት ሄደሽ ይህንን ንገሪያቸው። ማመልከቻ ሳትጽፊ፣ ማንንም ሳታማክሪ፣ ቀን መቁጠሪያ ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና አሳዪያቸው። እህል ያስከለከላቸው የስሙ ነገር አይመስለኝም፤ በስሙ ነገር 48 ዓመት ያህል ኖረውበታል። የጎዳቸው «ሐሰተኛ» መባሉ ነው። አንድ ሰው ደሙን አፍስሶ የያዛትን ወረቀት እንዲያ ሲሏት ምን እንደሚሰማው አንቺም ቤት ውስጥ አይተሽዋል። ይህ ቁስል የቢሮ ማኅተም ሳይጠብቅ ዛሬ ማታ ሊታከም ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አባትሽ «አይሆንም» እያሉ ነው ወይስ «እንዴት ይሆናል» እያሉ ነው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ እምቢታቸው ውስጥ ጥያቄ የሰማሁ መሰለኝ። «ወንድሜን ውሸታም ላደርገው ነው?» ነው ያሉት። ወንድማቸው ውሸታም ሳይባል ነገሩ የሚቃናበት መንገድ ቢኖርስ? ይህንን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ከሠርግ ተነሥተው የሚወጡበትን ምክንያት ደግሞ አንቺም ሳትጠረጥሪው አትቀሪም። እንደምታውቂው በአገራችን ፉከራ የሚጀመረው በስም ነው፤ ሰው ተነሥቶ ራሱንና አባቱን ጠርቶ ነው ሥራውን የሚቆጥረው። አባትሽ ቢነሡ የማንን ስም ይጥሩ? የራሳቸውን ቢጠሩ ወረቀቱ ይክዳቸዋል፤ የወንድማቸውን ቢጠሩ ራሳቸውን ይክዳሉ። ስለዚህ ይወጣሉ። እኔ ይህን የግድየለሽ ሰው ዝምታ አድርጌ አላየውም።

ያ ጉዳይ ገዳይ ያቀረበልሽን ነገር አጥብቀሽ እምቢ በይ። ከገንዘቡ ይልቅ የከፋው ውሳኔው ራሱ ነው። አንድ ሰው በሁለት ስም ሲጠራ፣ ማለት በክርስትና ስሙና በዓለም ስሙ፣ ወይም ጸሐፊ «ኃይሌ»ን አንድ ቦታ በ«ኃ» ሌላ ቦታ በ«ሀ» ጽፎት ሲያስቸግር፣ ፍርድ ቤት «ስሞቹ የአንድ ሰው ናቸው» ብሎ መወሰኑ የተለመደና ትክክል ነው። የእኔ አያት በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን አርበኛ ነበሩ፤ ወረቀታቸው ላይ የአባታቸው ስም ቀርቶ ያሳደጓቸው አያታቸው ስም ነው የተጻፈው። በላይ ዘለቀን አገር የሚያውቀው አባ ኮስትር ብሎ አይደል? በእኛ አገር አንድ ሰው ብዙ ስም ይሸከማል፤ የጦር ሰፈር ጸሐፊም የሰማውን ይጽፋል። እንዲህ ላለው ነገር ያ ውሳኔ መድኃኒት ነው።

የእናንተ ግን እንደዚያ አይደለም። እነዚህ ስሞች የሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ኖረዋል፤ ሁለቱም ልጅ ወልደዋል፤ አንዱ አርፈዋል። ፍርድ ቤት «አንድ ሰው ናቸው» ካለ አጎትሽ በወረቀት ላይ አልነበሩም ማለት ነው። የመሬት ደብተራቸው፣ የልጆቻቸው ወራሽነት፣ የባለቤታቸው መብት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የአጎትሽ ልጆች ተቃውመው ቢከስሱ እውነት ይዘው ነው የሚከስሱት፤ በሐሰት የማሉት ምስክሮችም ይጠየቃሉ። አባትሽ የፈሩት ወንድምን ከመቃብር የማውጣት ነገር በእውነት የሚሆነው ያኔ ነው። የሁለቱ የአባት ስም አንድ ስለሆነና የሚለየው የመጀመሪያው ስም ብቻ ስለሆነ ለጉዳይ ገዳዩ ሥራው ቀላል መስሎታል። ቀላልነቱ ነው የሚያስፈራኝ።

መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የሆነውን እንደሆነው መናገር። በ1969 ዓ.ም. በታላቅ ወንድማቸው ስም ተመዝግበው የዘመቱት፣ የቆሰሉትና የተሸለሙት አባትሽ መሆናቸው እንዲረጋገጥ። እንዲህ ሲባል አጎትሽ ሰው ሆነው ይቀራሉ፤ ወንድምነታቸውም አብሮ ይመዘገባል። «ውሸታም» የሚል ቃል የትም አይገባበትም፤ አጎትሽ ዘመትኩ ብለው የተናገሩበትን ቦታ አንቺም አልጻፍሽልኝም። ይህንን አባባል ለአባትሽ አንብቢላቸውና ፊታቸውን እዪ።

ከቢሮ በፊት ግን አንድ ቤት አለ፤ የአጎትሽ ባለቤት ቤት። ያን ቀን አራስ የነበሩት እሳቸው ናቸውና ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያኔ አራስ ቤት የነበረው ሕፃን ማን ነው? በኩር ልጅ ካልሽ፣ ሜዳዩን ይዞ ተማሪዎች ፊት የቆመው ያው ልጅ አይደለም ወይ? ከሆነ እሱ አባት አጠገቡ ሆኖ ያደገው አባትሽ «አቤት» ስላሉ ነው። ምናልባት ይህንን ማንም አልነገረው ይሆናል። ግድግዳ ላይ የአባቱን ስም እያነበበ ያደገ ሰው «የአባቴ ነው» ቢል ሰረቀ አይባልም። የተናደድሽበት ይገባኛል፤ የልጅሽ ጭብጨባ እኔንም አሞኛል። ግን ሰውየውን ሰው ፊት ብታርሚው ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፤ እናቱ ብትነግረው ግን ምናልባት መጀመሪያ ተነሥቶ ምስክር የሚሆንልሽ እሱ ይሆናል።

ስለዚህ ከአባትሽ ፈቃድ ካገኘሽ በኋላ ለቡና ሂጂ፤ ቢሆንላቸው እሳቸውም አብረው ይሂዱ። ክስ ይዘሽ አትሂጂ፤ ወረቀትም አትያዢ። «እትዬ፣ አባቴ ወደ ታጠቅ የሄደ ዕለት እንዴት ነበር?» ብለሽ ጠይቂና ዝም ብለሽ ስሚ። ሜዳዩን መልሱልን፣ ወረቀቱንም ከግድግዳ አውርዱልን አትበያቸው። እኔ ብሆን ሁለቱም እዚያው ቢቆዩ፣ አጠገባቸው የአባትሽ ፎቶግራፍ ቢሰቀል እመርጣለሁ፤ ምርጫው ግን የአባትሽና የእሳቸው ነው። የምትለምኚያቸው የምስክር ወረቀቱን ፎቶ እንድታነሺ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጊዜ የማይሰጠው ነገር አለ፤ ምስክር። ከዚያ ቀበሌ አብረው የወጡ፣ አብረው የሠለጠኑ፣ ሐረር ላይ አልጋ የተጋሩ ሰዎች እንደ አባትሽ ወደ 70 የሚጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። በሕይወት ያሉትን አባትሽ ያውቃሉ። ስልክሽን ይዘሽ ድምፃቸውን ቅጂ። የክፍለ ጦሩንና የብርጌዱን ስም፣ የሻለቃና የሻምበል አዛዦቻቸውን፣ የመቶ መሪያቸውን፣ ከማን ጎን እንደተኙ፣ ማን ተሸክሞ እንዳወጣቸው ጠይቂ። ጥያቄውን ከቁስሉ አትጀምሪ፤ ከታጠቅ ጀምሪ፣ ከምግቡ፣ ከጫማው፣ ከዘፈኑ። ሰው ዝም ብሎ የኖረበትን ነገር በአንድ ቀን አያወጣውም፤ ሲደክማቸው አቁሚ። ሊቀመንበሩ ወይም ጸሐፊው በሕይወት ካሉ፣ እነሱ ዝርዝሩ ለምን እንዳልተስተካከለ ሊናገሩ የሚችሉ ብቸኛ ሰዎች ናቸውና አትለፊያቸው።

ወረቀቶቹን በተመለከተ፣ የመሰናበቻው ወረቀት ላይ ቁጥር አለ? ጉርድ ፎቶግራፍስ ተለጥፎበታል? ፎቶው የአባትሽ ከሆነ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። የወታደሩ መለያ ቁጥር በመሰናበቻው፣ በሐኪሟ ወረቀትና በሜዳዩ ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያ ሰው ማን ነው የሚለው ነው። እሱን የሚመልስ አንድ ማስረጃ አባትሽ ጭናቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ወደ ሆስፒታል ወስደሽ ራጅ አስነሺያቸው። ፍንጣሪ ካለ ይታያል፤ ከሌለም የአጥንቱና የጠባሳው ሁኔታ አለ። ሐኪሙ ያየውን በጽሑፍ ይስጥሽ፤ የትኛው ጭን እንደሆነ፣ ቁስሉ የቆየ መሆኑን። ያንን ከድሮዋ የሐኪም ወረቀት ጋር አስተያዪው። አጎትሽ ጭናቸው ላይ እንዲያ ያለ ጠባሳ እንዳልነበራቸው ደግሞ ባለቤታቸው ያውቃሉ።

ዋናዎቹን ወረቀቶች ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ፤ አሳይተሽ ግልባጩን ስጪ። ፕላስቲክ ውስጥ አታስጠቅልያቸው፤ ማኅተሙንና ቀለሙን መመርመር ያስቸግራል። ቀኑ ስህተት ነው ብለሽ በእስክሪብቶ እንዳትነኪው እለምንሻለሁ። 5/3/78 እንዳለ ይቆይ። የቀኑን አቆጣጠር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ለብቻው ጽፈሽ አያይዢ፤ የወረቀቷንም ትርጉም በሕጋዊ ተርጓሚ አስደርጊ። ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም፤ በአማርኛ ዓይን ነው ያነበባት። ትርጉሙ በእጁ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል ባልተናገረ።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ የሕግ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ እዚያ ጠይቂ፤ የወረዳችሁ ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም መንገድ ያሳይሻል። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ሂጂ፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ለአንድ ወር ብለሽ ነፍስሽን አደጋ ላይ አትጣዪ። አባትሽ ቃለ መሐላ ከመፈረማቸው በፊት ባለሙያው ያንብበው፤ በሌላ ሰው ስም መመዝገባቸውን በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት ወረቀት ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ይመዘን። ፍርድ ቤቱ ካረጋገጠ በኋላ ውሳኔው ከማመልከቻ ጋር ለመከላከያ ሚኒስቴር ይቀርባል። ማመልከቻው አጭር ይሁን። «ሜዳዩ ለእገሌ ተሰጥቶ ነበር፤ የተቀበለው ግን በወንድሙ ስም የዘመተው እገሌ ስለሆነ መዝገቡ ላይ ይህ ይጻፍልን» የሚል። ማመልከቻውን ስታስገቢ የገቢ ቁጥርና ቀን በግልባጭሽ ላይ አስመቺ፤ ሳይመቱልሽ አትውጪ። መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ለአባትሽ «በቅርቡ ይመጣል» እያልሽ ተስፋ አታብዢባቸው።

ስለ ጡረታ ወይም ስለ ጉዳት አበል ምንም አላነሣሽም። የምትፈልጊው ስማቸውን ብቻ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ገንዘብ አትጨምሪበት። አበል ይገባቸው እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ያንን ለብቻው ጠይቂ፤ የይርጋ ጊዜ የሚባል የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ ስላለ ለባለሙያው በመጀመሪያው ቀን አንሺለት። የአጎትሽ ልጆች ጥርጣሬ የሚገባቸውም ከሁሉ በፊት በገንዘቡ በኩል ነው።

አባትሽ ይህን ሁሉ ሰምተው «ተይው» ቢሉስ? ያኔ ተይው። የሳቸው ስም ነው፤ ለወንድማቸው የሰጡትም እሳቸው ናቸው። አንቺ ግን ለልጅሽ መንገር ትችያለሽ፤ እሱን አልከለከሉሽም። ድምፃቸውን ቀድተሽ፣ ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ በቤትሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። መምህርት ነሽና የሚቀጥለው የካቲት 26 ሲመጣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ክፍልሽ ገብተው ስለ ጂጂጋ ለሕፃናት ቢያወሩ የማንም ፊርማ አያስፈልገውም። ሜዳይ ሳይዙ ይምጡ። የአጎትሽ ልጅም ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የወረቀቶቹን ፎቶ ስትልኪልኝ ቁጥር ያለበትን ጥግ ለብቻው አቅርበሽ አንሺው፤ ማኅተሙ ላይ ያለውንም ጽሑፍ እንዲሁ። የአባትሽንና የአጎትሽን ስም ግን ሸፍኝልኝ፤ እሱን ለመግለጥ ፈቃድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።